ትንፋሽ የማይወስደው ተማሪ

የኔታ ጆሯቸው መድከሙን ከሁሉ በፊት ያወቁት ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ያወቁትን ግን ለማንም አልተናገሩም። ምን በወጣቸው! ዜማው ሲከብዳቸው ያጉተመትማሉ፣ መስመር ሲረሱ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፣ የኔታም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያሳልፏቸዋል። በደርግ ዘመን ማለቂያ ግድም፣ እግሬን ታምሜ ከውትድርና ተሰናብቼ ንፋስ መውጫ ሬዲዮ መጠገኛ በከፈትሁበት ዓመት፣ ወሬው ከደብሩ አለቃ ዘንድ ደረሰ። አለቃው ደግሞ የእህታቸውን ልጅ የሚያስቀምጡበት ወንበር ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። "መምህሩ ካልሰማ ዜማው ሊጠፋ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መጥቼ ራሴ አያለሁ" ብለው ላኩ። ወንበሩ ከሄደ ጎጆውም፣ ቀለቡም፣ የአርባ ዓመት ስማቸውም አብሮ ይሄዳል።

እኔም ከውትድርና በፊት የእርሳቸው ተማሪ ነበርሁ። እንዲያውም አስመስክሬ የወጣሁ ነኝ፤ እንዴት እንዳስመሰከርሁ ግን ባትጠይቁኝ ይሻላል። ርክርክ የሚባል የዜማ ምልክት አለ፤ ድምፁ ጉሮሮ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድበት። ለእኔ እሱን አልፈጠረልኝም። በማስመስከሪያዬ ቀን አንድ ሙሉ ገጽ ርክርኩን እየዘለልሁ እንደ ውሃ ጠጣሁት፤ የኔታም ዝም ብለው መረቁኝ። ጆሯቸው ያኔም ደክሞ ነበር ብዬ በልቤ አመሰገንሁ። ስለዚህ የሚሰሙበት ነገር ልሠራላቸው ስነሳ ግማሹ ውለታ፣ ግማሹ ንስሐ ነበር።

ጉባኤ ቤቱ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። የወፍጮው ባለቤት፣ ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ፣ የኔታን እንደ ወንድም የሚወዱ፣ እንደ ወንድምም የሚያሾፉባቸው ሰው ናቸው። የወፍጮው ሞተር በቀበቶ አንድ ትንሽ ጄኔሬተር ስለሚያዞር እዚያ ቀን ቀን መብራት አለ። ሐጂ ሽቦ ሳቡልኝ፤ ድምፁ ከተዘጋ የሰነበተ ትልቅ ሬዲዮናቸውንም ሰጡኝ። ከሬዲዮው ሆድ ቫልቭ የሚባሉትን የመስታወት አምፖሎች አወጣሁ። ከአሮጌ የወታደር ሬዲዮ የተረፈ የጆሮ ማዳመጫ ነበረኝ፤ ማይክራፎኑን ከተሰበረ ቴፕ ነቀልሁ። ሁሉንም የዋንዛ ጣውላ ላይ መታሁና ደረቴን ነፍቼ አበራሁት።

የኔታ ማዳመጫውን ጫኑ፣ ወዲያው ነቀሉት።

"ማነው ይሄ?"

"ማን፣ የኔታ?" አልሁ ጮኼ።

"ይሄ እምምም የሚለው! ሌላውን ልሰማ ብዬ ትንፋሽ የማይወስድ ተማሪ አመጣህብኝ እኮ!"

እፍረቴ! ስንቱን የሞተ ሬዲዮ ያስነሳሁ ሰው፣ በአንድ እምምታ ልዋረድ? ጥፋቱን በሐጂ ላይ አላከክሁ። "ጄኔሬተርዎ ነው የሚጮኸው" አልኋቸው። "የኔ ጄኔሬተር ያበራል እንጂ አይዘምርም፤ የዘመረው ያንተ ጣውላ ነው" አሉኝ። ተናድጄ የሳቡልኝን ሽቦ በሙሉ ነቅዬ በሌላ በኩል አዞርሁት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እምምታው ንቅንቅ አላለም።

ዐይኔ የተገለጠው በሦስተኛው ቀን ንዴቴ ሲበርድ ነው። የመብራቱን ኃይል የሚቀይረውን ትራንስፎርመር ከመጀመሪያው ቫልቭ ጎን አጣብቄ አስቀምጬዋለሁ፤ እሱ ያጉረመርማል፣ ቫልቩም የጎረቤቱን ወሬ እየለቀመ ያጎላል። ነቅዬ ጣውላው ማዶ ጫፍ ወሰድሁት፤ ፊቱንም አዞርሁበት። እምምታው በግማሽ ወረደ። ቫልቮቹን የሚያግሉትን ሁለት ሽቦዎች እንደ ጅራፍ ገመድኋቸው፤ ወደ መሬት የሚሄዱትን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ምስማር ላይ አሰርሁ። የኔታ በየመሐሉ ማዳመጫውን እየጫኑ "አሁን ከበር ወጣ"፣ "አሁን ከወንዝ ማዶ ነው" እያሉ ያንን ተማሪ ይሸኙልኛል።

ከዚያ ቫልቭ መምረጥ መጣ። ዐርብ ዕለት አርብ ገበያ ከተማ ወርጄ ከአንድ ዕቃ ሻጭ ጨርቅ ላይ ሁለት ተጨማሪ አገኘሁ፤ ሻጩ የሽቶ ጠርሙስ መስለውት ነበር። አንደኛው መስታወቱ የሚያብለጨልጭ፣ ጽሑፉ ወርቃማ፣ ሙሽራ የመሰለ ቫልቭ ነው፤ ልቤ እሱ ላይ ቀረ። የኔታ ማዳመጫውን ጭነው ተቀመጡ፤ እኔ ቫልቩን እሰካና በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ጨዋ ቫልቭ ሲነኩት ዝም ይላል፤ ባለጌው ያቃጭላል። ሙሽራውን ነካሁት።

"ውይ! ቃጭል ነው እንጂ ምኑ ነው፤ አውጣልኝ!"

ሌላው "ሽሮ ይንተከተክበታል" ተባለ። ሌላው ደግሞ "ተዝካር በልቶ የመጣ ዲያቆን፤ ድምፅ የለው፣ እንቅልፍ ብቻ"። በመጨረሻ አናቱ የጠቆረ፣ ጽሑፉ የተላጠ፣ ልጥለው ያሰብሁትን ሰካሁ። ዝም አሉ። ነካሁት፤ አሁንም ዝም። "ይሄን አትጎንትለው፤ ይሄ የሰው ልጅ ነው" አሉኝ። ሙሽራዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁት፤ ቅር ብሎኛል።

አንዱን ተማሪ ማይክራፎኑ ፊት አቁሜ "በል" አልሁት። ልጁ ሲጀምር የኔታ ሁለቱንም ማዳመጫ በእጃቸው ጫን አደረጉ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ከኋላ ሁለት ጎረምሶች "ደንቆሮውን ምን ያስለቅሰዋል?" ብለው ሲንሾካሾኩ፣ የኔታ ዐይናቸውን ሳይገልጡ "ደንቆሮውማ ሰማ፤ ሁለታችሁም ነገ ከመጀመሪያው ገጽ ትጀምራላችሁ" አሉ።

ዘመኑ ዘመን ነውና የቀበሌው ሊቀመንበርም ሳይመጣ አልቀረም። "ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?" ብሎ ማዳመጫውን ራሱ ላይ አጠለቀ። የኔታ ማይክራፎኑን ሳብ አድርገው "ከአንተው ጋር ነው ልጄ!" ብለው ቢጮኹበት ክላሹን ጥሎ ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ሁለተኛ አልመጣም።

ትንሽ እምምታ ግን ቀረች። የኔታ እሷን ይዘው ደግሞ አዲስ ጨዋታ አመጡ። ወፍጮው ጠንካራ እህል ሲገባበት ሞተሩ ይዳክራል፣ እምምታውም ይወፍራል፤ እርሳቸው ከጎጇቸው ሆነው "ሐጂ፣ ገብሱ አልቆ ባቄላ ገባ አይደለም?" ብለው ይልኩባቸዋል። ሐጂ በአላህ ስም እየማሉ "እኚህ ሰውዬ ጠንቋይ ሆኑብኝ!" ይላሉ። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። ትልቅ ኮንደንሰር ፈልጌ አገኘሁ፤ የሚንገጫገጨውን ኃይል አጠራቅሞ አለስልሶ የሚሰጥ ነው፤ እሱ ከገባ እምምታ የሚባል ነገር አይኖርም። በፈተናው ዋዜማ መበየጃዬን አግዬ ጎንበስ ስል የኔታ በመቋሚያቸው እጄን ቸብ አደረጉኝ።

"ተወው አልሁህ! ይሄን አትንካብኝ!"

"ነውር ነው እኮ የኔታ፣ ሰው ቢሰማው ምን ይለኛል?"

"የሚሰማው እኔ ነኝ። እጅህን ሰብስብ!"

አኩርፌ ሄድሁ።

በማግሥቱ አለቃው ከእህታቸው ልጅ ጋር መጥተው በርጩማ ላይ ተሰየሙ። ኋላ ትልቁ ተማሪ ራሱ እንደነገረኝ፣ አለቃው ቀደም ብለው "መሐል ላይ አንዷን ርክርክ ጣላትና ያስተካክልህ እንደሆነ እንይ" ብለው በስውር አስጠንተውታል። የኔታ ማዳመጫቸውን ጭነው ተቀመጡ፤ ተማሪው ማይክራፎኑ ፊት ቆመ፣ ጀመረ። እኔ ከጣውላው ጎን ነኝ።

ገና ሁለት መስመር ሳይል የወፍጮው ሞተር ጠፋ። ናፍጣ በራሽን ነበር፤ አለቀ። የቫልቮቹ ቅላት እያየሁት ደበዘዘ፣ ከሰመ። ተማሪው ይዘምራል፤ የኔታ ጆሮ ላይ ያለው ማዳመጫ ከባዶ ቅል አይሻልም፤ ለአለቃው ደግሞ ሞተር ቆመ አልቆመ ምናቸውም አይደለም። አንድዬ ድረስ! አልሁ።

የኔታ ረጋ ብለው መቋሚያቸውን አነሡ። "ቁም። ራቅህብኝ፤ ጠጋ በል። እንዲያ፤ ቀና ብለህ ከራሱ ጀምር።"

ተማሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊታቸው ቆሞ እንደገና ጀመረ። የኔታ ዐይናቸውን አያርገበግቡም። መሐል ሲደርስ መቋሚያው መሬቱን ደለቀ።

"ቁም! ርክርኩን ለማን አቆየኸው?"

ልጁ ደነገጠና ወደ አለቃው ዞር አለ፤ በዚያው ተጋለጡ። አለቃው እፍረታቸውን ለመሸፈን ተነሥተው "እስቲ ይሄን ጉድ እኔም ልየው" ብለው ማዳመጫውን ተቀብለው ጫኑት። ነፍሴ ወጣች።

"ምንም አይሰማም!" አሉ።

"ማን ዘመረና ይሰማል?" አሉ የኔታ ከንፈራቸውን እያዩ።

አለቃው ጥቂት አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ። "እንዴት ያለ ጥራት ነው! ሬዲዮ ሁሉ ሲያፏጭ ነው የማውቀው፤ ይሄ ሽው እንኳ አይልም። ባለሙያ ነህ!" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ? አለቃው የእህታቸውን ልጅ አስከትለው ሄዱ፤ የወንበሩም ነገር በዚያው ቀረ።

ሰው ሲወጣ ከጆሯቸው ሥር ጮኼ "ሞተሩ መቆሙን እንዴት አወቁ?" አልኋቸው።

"ያ ትንፋሽ የማይወስደው ተማሪህ ዝም አለኛ። እሱ ዝም ሲል ናፍጣው አለቀ አልሁ። ትናንት እምምታውን አጥፍተኸው ቢሆንማ ልጁ ያቆመ መስሎኝ 'ለምን ዝም አልህ?' እልና ጉዴ ይፈላ ነበር።"

"ርክርኩንስ?"

"ማንቁርቱ ነዋ! ርክርክ ሲባል ማንቁርት ይጨፍራል። ይሄን ከለመድሁ ቆየሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አልሁ፤ ምነው አፌን በቆረጠው!

"አንተ ሙሉ ገጽ በደረቅ ማንቁርት ካለፍህብኝ ቀን ጀምሮ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። "ታዲያ ለምን አሳለፉኝ የኔታ?"

"መረቅሁህ እንጂ መች አሳለፍሁህ? ትመለሳለህ ብዬ ስጠብቅህ ነው የከረምሁ። ቁጭ በል።"

ቁጭ አልሁ። ሁለት ጣታቸውን ማንቁርቴ ላይ አኖሩና "በል፣ ከዚያው ገጽ" አሉኝ። ሐጂ ናፍጣ ከየትም አምጥተው ሞተሩ ተነሣ፣ ቫልቮቹም ቀሉ፤ የኔታ ግን ማዳመጫውን ዞር ብለው አላዩትም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ያንን ገጽ አስደገሙኝ፤ ጣታቸው ጉሮሮዬ ላይ ስለነበር አንዲት ርክርክ መዝለል አልቻልሁም።