በፍራው ክላይን ጓሮ የቀበርኩት

ከየካ አባዶ የወጣሁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ ነው። እማዬ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ እስከ ታክሲው ሻንጣዬን አለቅም ብላ ወረደች።

"ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?"

"ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ ሲጣል ደግሞ የሚበሰብስ ፕላስቲክ በያቸው።"

"ከበሰበሰ ምን ይሠራል?" አለች። ታክሲው ተነሳ። በየፍተሻው እየቆምን ቦሌ እስክንደርስ እጄ ከፓስፖርቴ ላይ አልተነሳም።

ጀርመንን ምን ልበላችሁ! የእንጦጦ ብርድ ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ የዚህኛው ግን ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ዳቦው ጎምዛዛ ነው፤ እንጀራ ነው እያልኩ ራሴን ለማታለል ሞክሬ አልሆነልኝም።

ላብራቶሪ ውስጥ ሽሪምፕ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት ወረቀት የመሰለ ስስ ነገር እንሠራለን። ደረት ላይ ቢለጠፍ የልብ ምት ይቆጥራል፤ ሥራውን ሲጨርስ እንደ ባትሪ ቆሻሻ ሆኖ አይቀርም፣ አፈር ይሆናል። አፈር መሆኑን ግን ማሳየት ነበረብኝ። የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ለመቆፈር ፈቃዱ ወራት ይፈጃል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያበቃ ተቃርቧል፤ ፕሮፌሰሩ ደግሞ ያለ ውጤት የማራዘሚያ ደብዳቤ አይጽፉም። ስለዚህ አከራዬን ፍራው ክላይንን "ጓሮው ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ልትከል?" ብዬ አስፈቀድኩና አሥር ቁራጭ ቀበርኩ። በየላዩ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ሰካሁ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ "ምንም አልበቀለም። ምንድን ነው የተከሉት?" አለችኝ።

"ኤሌክትሮኒክስ" አልኳት። ቂል!

ለካ ደውላላቸው ኖሯል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ።

"ምን ቀበሩ?" አለኝ ረጅሙ። እዚህ አገር ሲጠረጥሯችሁም አንቱ እያሉ ነው።

"የሚበሰብስ ነገር።"

"ሬሳ?"

"ኧረ በማርያም! ኤሌክትሪክ ያለው..."

"ፈንጂ?"

አካፋ አስመጥተው ቆፈሩ። አንደኛው ጉድጓድ ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ፍርሃቴን ረስቼ "የለም! ጠፍቷል!" ብዬ ጮህኩ።

ፖሊሱ አካፋውን አቁሞ አየኝ። "ማን ወሰደው?"

"ማንም። አፈር ሆነ።"

"ታዲያ ምን እንደነበረ በምን ያረጋግጣሉ?"

ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ፕሮፌሰሩ በስልክ አስረድተው እስኪጨርሱ ፓስፖርቴ በፖሊሱ እጅ ነበር፤ እኔም በሐሳቤ ተጠርዤ ቦሌ ደርሻለሁ። በመጨረሻ "ምንም አልተገኘም" ብሎ ጻፈና ፓስፖርቴን መለሰልኝ። በሳምንቱ ፕሮፌሰሩም አፈር መሆኑን እንደ ውጤት ቆጥረው የማራዘሚያ ደብዳቤውን ጻፉልኝ።

ፍራው ክላይን ግን ጉድጓዶቹን በእግሯ እየደፈነች፣ "ዋሹኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ይልቀቁልኝ" አለች። እውነቷን ነው።

እሁድ እማዬ ደወለች። መጻሕፍቴን ካርቶን ውስጥ እየከተትኩ ነበር።

"ደብዳቤው ተጻፈልሽ?"

"ተጻፈልኝ።"

እልልታዋን ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያቺ አከራይሽ ደህና ናት? እሷ አጠገብሽ አለች እያልኩ ነው እኮ እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሰላም በይልኝ" አለችኝ።

"እሺ እማዬ፣ እላታለሁ" አልኳት።