መነካቱን ያልነገረኝ ዓይን

ጅቡቲ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ዓይኔ ይቆጠቁጠኝ ጀመር። የምሠራውም የምኖረውም ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከድሬዳዋ መጥተው ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ቤት ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ቀን ቀን ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ኤሲ ፊት ለፊት ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ወደ ውጭ ስወጣ ደግሞ ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራውን ፊቴ ላይ ይደፋዋል። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል ነበር። እማማ መቅላቱን ባዩ ቁጥር፣ "ሐኪም ይየው" ይሉኛል። እኔ፣ "ይሻለኛል" እላለሁ።

ከወራት በኋላ ቁጥቆጣው እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ተወኝ። ተመስገን ብዬ ረሳሁት።

አንድ ጧት ሰገነቱን ጠርጌ ወረድኩ። እማማ ሳሎን ሻይ እየጠጡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ብርጭቆውን አስቀመጡት።

"አንቺ ልጅ፣ ግራ ዓይንሽ ውስጥ ምንድን ነው?"

"ምን አለ?"

"ጥቁሩ ላይ ስንጥር ተለጥፏል እኮ! አይሰማሽም?"

መስታወት አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ ከመጥረጊያው የተበጠሰች ቀጭን ስንጥር ነበረች። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። እጄን ልሰድ ስል፣ "እንዳትነኪው!" ብለው ጮኹ። ያን ቀን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በታክሲ ይዘውኝ ሄዱ።

የዓይን ሐኪሟ የምትናገረው በፈረንሳይኛ ነበር፤ እማማ ይተረጉሙልኛል። ስንጥሯን ካወጣችልኝ በኋላ ጥጥ እንደ ክር አቅጥና ጠመዘዘችና ከጎን በኩል ወደ ዓይኔ አስጠጋችው።

"ሲነካሽ ንገሪኝ አለችሽ" አሉ እማማ።

ጠበቅኩ። "ገና አልነካኝም" አልኩ።

እማማ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ሁለቴ ነክታሻለች" አሉኝ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ቀረበችኝና አስረዳችኝ። ዓይኔ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ኖሯል። ከብሌኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ስስ ሽፋን በጥቃቅን ነርቮች የተሞላ ነው። ድርቀቱ መጀመሪያ ነርቮቹን ያስቆጣቸዋል፤ ያ ቁጥቆጣዬ እሱ ነበር። ሲቆይ ደግሞ እየጎዳቸው ያደነዝዛቸዋል። የማይሰማው ዓይን ቶሎ ቶሎ አይርገበገብም፤ እንባውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይብሱን ይደርቃል።

"ሕመሙ የተወሽ ስለዳንሽ አይደለም" አሉኝ እማማ፣ የሐኪሟን ቃል ተርጉመው ሲጨርሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ቤት እንደገባን የመተኮሻውን ጠረጴዛ ራሳቸው ገፍተው ከኤሲው አራቁት። ስወጣ የማደርገው ትልቅ መነጽር ከገበያ አመጡልኝ። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ጠብታ በየሰዓቱ አደርጋለሁ፤ ማታ ቅባት እቀባለሁ። እሳቸው ደግሞ ከሱቅ እየደወሉ፣ "ጨፈን ገለጥ አድርጊ እንጂ!" ይሉኛል። በስልክ ዓይኔ የሚታያቸው ይመስል።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ነፋሱ ሲመታኝ ግራ ዓይኔን ወጋ አደረገኝ። "እማማ፣ አመመኝ!" እያልኩ እየሳቅኩ ገባሁ። በሕይወቴ በሕመም እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ እንደገና ሞከረችኝ። ቀኙ ደህና ነው፤ ግራው ገና ትንሽ ይቀረዋል፤ ምናልባትም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል አለች። ጠብታውን ሳላቋርጥ እንድቀጥል ነገረችኝ። እኔ ግን ማየቴም ሲነካኝ ማወቄም በቂዬ ነበር።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ፣ "እማማ፣ ያን ዕለት እርስዎ ባያዩኝ ኖሮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተይ እስቲ" አሉ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው። "አንድ ቤት እየኖርን አንቺን ካላየሁ ማንን ላይ ነው?"

እጃቸውን ያዝኩ። እስክንወርድ ድረስ አልለቀቅኋቸውም።