የኤርባግ መብራትና የአባቴ ወንበር

አባቴን በየእሑዱ ዱርቤቴ፣ እኅታቸው ዘንድ ማድረስ የእኔ ድርሻ ነበር። መኪናዬ ያረጀች ብትሆንም፣ ከጎኔ ተቀምጠው በመንገዱ ግራና ቀኝ ስላለው ማሳ፣ ማን እንዳረሰው፣ ለማን እንደተላለፈ የሚያወጉኝ ሁሉ ለእኔ ብቻ የተቀመጠ ሀብት ይመስለኝ ነበር። ይህ የተቋረጠው የመኪናዬ የኤርባግ መብራት በርቶ አልጠፋ ሲል ነው። ለዓመታዊው ምርመራ ስወስዳት መርማሪው መብራቱን በጣቱ አሳየኝ።

«ፍሬኗም ጎማዋም ደኅና ነው» አልሁት።

«ይህ እየበራ ለመንገድ ብቁ ናት ብዬ አልፈርምም። ብትጋጭ ኤርባጉ ላይከፈት እንደሚችል ራሷ እየነገረችህ እኮ ነው!»

አልተከራከርሁም። መለዋወጫው እስኪገኝ መኪናዬ ያለ ቦሎ ግቢ ውስጥ ቆመች።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ በሥራ ዝውውር ከአዲስ አበባ መጣ፤ ቦሎዋን በመስታወቷ የለጠፈች ነጭ መኪና ይዞ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከእሱ ጎን፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ለእኔ የነገሩኝን የማሳ ታሪክ ለእሱ እንደ አዲስ ሲጀምሩለት፣ ንብረቴ በፊቴ ለሌላ ሲሰጥ የማይ ያህል ያንገበግበኝ ነበር። ስንመለስ ወንድሜ በከተማችን ሐይቅ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር ያቆማል። አባቴም ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው፣ «እንዴት ያለች ምቹ ናት!» ይላሉ። እኔ በውኃው ዳር የበቀለውን ደንገል እመለከታለሁ።

ለወንድሜ ጉድለት ስፈልግለት ኖሬ አንድ እሑድ ማለዳ ከኋላ ወንበር ሆኜ አገኘሁ። የኤርባግ መብራት ቁልፉ ሲዞር በርቶ፣ ሞተሩ ባይነሣም እንኳ ከጥቂት ቆይታ በኋላ በራሱ መጥፋት አለበት። የእሱ ግን ሞተሩ እስኪነሣ ጠብቆ፣ ሞተር ሲነሣ ብቻ ከሚጠፋው የዘይት መብራት ጋር እኩል ጠፋ። አንድ ሰው ብልሽቱን ለመሸፈን የሁለቱን ሽቦ አገናኝቶታል።

«ይህች መኪና ምርመራውን ያለፈችው በማታለል ነው» አልሁ፣ አባቴ በደንብ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ኧረ እንዴ! አንተ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆንህ?» ብሎ ሳቀ ወንድሜ። «ይህንን ደግሞ የት አነበብኸው?»

«ሞተሩን አጥፋና ቁልፉን ብቻ አዙር።»

አዞረ። ሁለቱም መብራቶች በሩ፤ ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልጠፉም። የወንድሜ ፊት ተለዋወጠ።

«ስገዛትም እንዲሁ ነበረች። እግዜር ያውቃል፣ አባባ፣ እርስዎን እዚህ የማስቀምጥ ይመስልዎታል ባውቅ?»

አባቴ ግን እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ነገሩስ እንዳልኸው ነው። አንተን ምን እንዲህ ደስ አሰኘህ?»

በሩን ከፍቼ ወረድሁ። ያን ዕለት በሚኒባስ ሄድን።

ወንድሜ በማግሥቱ ጋራዥ ገባ። ሽቦዎቹ ተለያዩ፤ ዋናው ብልሽትም ከፊተኛው ወንበር ሥር የላላ ማያያዣ ብቻ ሆኖ ተገኘና ተጠገነ። መኪናዋን ወስዶ እንደገና አስመረመራት። የእኔ መለዋወጫ አሁንም አልመጣም።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ የፊተኛውን በር ከፍተው ከመግባታቸው በፊት ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ተባረክ ልጄ። አሁን ያለ ሥጋት ከወንድምህ ጎን እቀመጣለሁ» አሉኝ።

«አሜን» ብዬ ከኋላ ገባሁ። ከእንግዲህ የምነቅስበት ጉድለት እንኳ አልተረፈኝም።