የጋሽ አራት ጣት ሃያ አራት ሻሾች

ጋሽ አራት ጣት ጨርቅ የሚለኩት በሜትር ነው፤ የሚሰጡት ግን ሜትር ከአራት ጣት ነው። ጨርቁን ስበው፣ ዘርግተው፣ ልክ መቁረጫው ላይ ሲደርሱ በአራት ጣት አልፈው ይይዛሉ። «ልብስ ሰፊ ይሳሳታል፣ ልጅ ያድጋል፣ ሰው ይወፍራል፤ ምን ይታወቃል?» ይላሉ። የሱቁ ባለቤት ስንት ጊዜ ተቆጥቶ፣ ስንት ጊዜ ለምኖ በመጨረሻ ተዋቸው። ምን ያድርግ? ደንበኛው ሁሉ የሚመጣው ለእነዚያ አራት ጣቶች ነው! እናታቸው ያወጡላቸው ስም ተረስቶ ሰፈሩ በዚሁ ይጠራቸው ጀመር፤ እሳቸውም አልከፋቸውም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአንድ ባንኮኒ ኋላ ቆመዋል። ከጨርቅ ሁሉ የሚወዱት ሻሽ ነው፤ ያ ስስ፣ አየር የሚያስገባው የጥጥ ጨርቅ። ሻሽ በመቀስ አይቆርጡም። ጠርዙን በመቀስ ጫፍ ነካ ያደርጉና በሁለት እጃቸው ይዘው ጥርርር! ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው ደግሞ ይስቃሉ። ቀልዱን የማያውቅ ደንበኛ የለም፤ የማይስቅም የለም።

አዲስ ወላጆች ዝርዝራቸውን ይዘው መጥተው «ሕፃን ሲያቀረሽ መጥረጊያ ሻሽ የግድ ነው እንዴ?» ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ስድስት። አንዱ ትከሻ ላይ፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ፣ ሁለቱ ሳፋ ውስጥ፣ ሁለቱ ገመድ ላይ። ከዚያ በላይ የገዛ ለቁም ሳጥኑ ነው የገዛው።» ይህን ከየትኛዋ እናት እንደሰሙት እሳቸውም አያስታውሱም። ብቻ ሲናገሩት፣ ስምንት ልጅ በትከሻቸው ያሳደጉ ነው የሚመስሉት።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አንድም ልጅ በትከሻቸው አላሳደጉም። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሕፃን ሳለች ከቤት ሲወጡ ተኝታ ይተዋታል፤ ሲመለሱም ተኝታ ያገኟታል። በእረፍት ቀን ደግሞ ይፈራሉ። ባለቤታቸው «ያዛት እስቲ» ሲሏቸው «ትንሽ ትጠንክር» ይላሉ። ልጅ መቼም አይጠብቅ! ጠነከረች፣ ዳኸች፣ ሮጠች፣ ተማረች፣ የሂሳብ አስተማሪ ሆነች። በሠርጓ ሰሞን ታዲያ ሰው በተሰበሰበበት «አባዬ እኮ መጀመሪያ ያቀፈኝ የተመረቅኩ ቀን ነው፤ እሱም ለፎቶ!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ያቺ ቃል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሾህ ሆና ውስጣቸው ተሰክታ ቀረች።

አሁን ልጃቸው አርግዛለች። ጋሽ አራት ጣት የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጃቸው በገዛ አፏ «እንካ አባዬ፣ ያዝልኝ» ብላ ሕፃኑን እንድትሰጣቸው። ለምነው አይደለም። «አያት ነኝ» ብለውም አይደለም። ያኔ ያላቀፉትን ሰው ዛሬ አቅፋለሁ ብሎ እጅ መዘርጋት እንዴት ይቻላል? ፊታቸውን በምን ሸፍነው? አምናቸው እንድትሰጣቸው ነው የፈለጉት።

ስምንተኛው ወር ላይ ልጃቸው ሱቅ መጣች። ስልኳ ላይ ረጅም ዝርዝር አለ።

«አባዬ፣ አንዷ ጓደኛዬ ሃያ ሻሽ ያስፈልግሻል ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ አንድም አያስፈልግም ትላለች። ፎጣ አይበቃም? አንተ ባለሙያ ነህ፣ ቁርጡን ንገረኝ።»

ለሰው ሁሉ ስድስት የሚለው ምላስ ለገዛ ልጅ ሲሆን ሌላ ሆነ።

«ሃያ አራት!» አሉ።

«ምን? ለሰው ስድስት አይደል እንዴ የምትለው?»

«ሰው ሌላ፣ አንቺ ሌላ።»

«ኧረ አባዬ፣ የት ላስቀምጠው? ከስድስት በላይ እንዳታመጣ። የምሬን ነው የምልህ!» ብላ፣ ሆዷን ደግፋ እየሳቀች ወጣች። እሳቸው ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ታመጣ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ከመጋዘኑ ምርጡን ጣቃ አስወረዱ። ሃያ አራቱን አንድ ባንድ ቀደዱ፤ እያንዳንዱ ላይ አራት ጣት ጨመሩ። ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ጠርዛቸውን ዘመዘመችላቸው። ከዚያ ራሳቸው ተኮሱ። ሰው አላስነኩም። ጨርቁ ያብረቀርቃል፣ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውኃ ጠብ አላደረጉበትም፤ ውበቱ ይጠፋላ! አዲስ ጨርቅ ማለት እኮ ለእሳቸው ይህ ነበር።

ልጃቸው በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ። ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስል እጁን እያወራጨ ስለሚጮህ ሴት አያቱ «አለቃ» አሉት፤ በዚያው ጸና። በዘጠነኛው ቀን ጋሽ አራት ጣትና ባለቤታቸው ሃያ አራቱን ሻሽ በካርቶን ይዘው ሄዱ። ጋሽ አራት ጣት እጃቸውን ሁለቴ ታጥበው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ዓይኗ ቀልቷል፤ ከወለደች ወዲህ ሙሉ እንቅልፍ አላየችም።

«ከስድስት በላይ አታምጣ አላልኩህም?» አለች ካርቶኑን ስታይ፤ ግን ፈገግ ብላ ነው። አለቃን አጥብታ ጨርሳ አንዱን አዲስ ሻሽ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ልታስገሳው ጀርባውን መታ መታ ታደርገው ጀመር። ጋሽ አራት ጣት ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ከዚህ በኋላ ትሰጠኛለች፣ አሁን ትሰጠኛለች ይላሉ በልባቸው።

አለቃ አገሳ። ከግሳቱ ጋር የጠባውን ግማሹን አወጣው። ሻሹ እንደ ሻሽ መምጠጥ ሲገባው ወተቱ በላዩ ላይ ተንከባሎ በልጅቷ አንገት ገብቶ በጀርባዋ ወረደ። አፉን ልትጠርግለት ብትሞክር ጨርቁ እርጥቡን ጉንጩ ላይ ለቀለቀው እንጂ አላነሳውም። ጠርዙ አገጩን ፈተገው፤ ቀላ። አለቃ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

«አባዬ!» አለች ልጃቸው፤ «ይሄ ጨርቅ ነው ወረቀት?»

በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ቃል ሰምተው አያውቁም። ጨርቅ አለማወቅ! ያውም እሳቸው! ባሏ ከመታጠቢያ ቤት ፎጣ ይዞ ሮጦ መጣ። ልጃቸው የተናገረችው ወዲያው ቆጭቷት «ይቅርታ፣ አባዬ፣ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው» አለች። እሳቸው ግን ኩምሽሽ ብለው ባርኔጣቸውን እየፈለጉ ነበር። «ሱቅ ሰው ቀጥሬ ነበር እኮ፣ ረሳሁት» አሉ። ማንንም አልቀጠሩም።

ገና ሳይመሽ ባለቤታቸው ካርቶኑን ይዘው ተከትለዋቸው ቤት ገቡ።

«አላጠብከውም እንዴ?» አሉ።

«አዲስ ጨርቅ ምን ይታጠባል?»

ባለቤታቸው ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ! ፋብሪካው እንዲያምር ብሎ በሙጫ ያደረቀውን ጨርቅ ዘጠኝ ቀን ለሆነው ልጅ? አምስት ስድስቴ ሳይታጠብ እኮ ሻሽ ውኃ አይጠጣም! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጨርቅ የምታውቀው እስከ ሱቁ በር ድረስ ነው?»

እውነት ነዋ። ጨርቅ ከሱቁ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን አይተው አያውቁም። ልጃቸውም እቤት ስታድግ እንዲሁ ነበር ያላዩዋት።

በማግስቱ ከሱቅ ፈቃድ ጠይቀው ግቢ ውስጥ ሳፋ ይዘው ተቀመጡ። ከካርቶኑ ስድስት ሻሽ አውጥተው ዘፈዘፉ። የመጀመሪያው ውኃ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ያ የሚኮሩበት ውበት ሁሉ ሙጫ ኖሯል! አሹ፣ አለቀለቁ፣ ጨመቁ፣ ገመድ ላይ አሰጡ። ሲደርቅ እንደገና። ጎረቤታቸው ጫማ ሠሪው ባጥር ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ምነው፣ ጨርቅዎን ጣሉ እንዴ?» አላቸው።

«አንተን ያስጥልህ! እኔስ እያጠብኩት ነው!»

አራት ቀን እንዲህ አለፈ። ሁለት ጣታቸው ተላጠ። በስድስተኛው አጠባ ሻሹን ከገመድ አውርደው ጉንጫቸው ላይ ሲያስነኩት ደነገጡ። ሽብሽብ ያለ፣ ማብረቅረቁ የጠፋ፣ ለባንኮኒ የማይሆን ጨርቅ ነው፤ ልስላሴው ግን ሌላ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሸጡት የኖሩትን ነገር ያን ቀን ገና ተዋወቁት።

«እኛስ ልጃችንን በምን አሳደግናት?» አሉ ባለቤታቸውን። «እኔ እንደሁ አንድ ሻሽ ይዤ ገብቼ አላውቅም።»

«ይዘህ ገብተህ አታውቅም» አሉ ባለቤታቸውና ወደ ጓዳ ገቡ።

በሳምንቱ ከባለቤታቸው ጋር ስድስቱን ሻሽ ይዘው ተመለሱ። ልጃቸው አንዱን ጨበጥ አድርጋ «ውይ አባዬ! አንተ ነህ ያጠብከው?» አለች። ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ አለቃ አቀረሸ፤ ሻሹ ምጥጥ አድርጎ ያዘው። «እሰይ!» አሉ ጋሽ አራት ጣት ሳያስቡት። ግን ልጁን አልሰጠቻቸውም። ልትሰጣቸው ማሰቧም አይመስልም፤ አባቷ ሕፃን የሚይዝ ሰው መሆኑን ከየት ታውቃለች? አለቃ ደግሞ ማልቀስ ጀመረ። እናቱ ወዘወዘችው፤ እንቢ። አባቱ ያዘው፤ እንቢ። ሴት አያቱ አንጎራጎሩለት፤ ባሰበት። «ጨርቄን ልጥል ነው!» አለች እናቱ።

ያኔ ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ የታጠፈ አሮጌ ጨርቅ አወጡ። ሰማያዊ መስመር ያለው፣ መሃሉ የሳሳ፤ አንድ ጎኑ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ይታያል።

ጋሽ አራት ጣት ትክ ብለው አዩት። «ይሄማ ሸሚዜ ነው!»

«ሸሚዝህ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ያኔ ሸሚዜ የት ገባ እያልክ ቤቱን ስትበጠብጥ፣ አልቆ ጣልኩት ያልኩህ። አምስት ሸሚዝህን ነው የቀደድኩት።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያኔ እንደዚህ እንደ አለቃ ነበርሽ። ማልቀስ ስትጀምሪ የሚያቆምሽ የለም። አንድ ቀን ቢቸግረኝ አባትሽ ለብሶት የዋለውን ሸሚዝ አንጥፌ አስተኛሁሽ። ጸጥ! በማግስቱ ታጥቦ የደረቀውን ባነጥፍልሽ ጮህሽ። ለካ ጨርቁን አልነበረም የፈለግሽው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የተኛሽው ከአባትሽ ሸሚዝ ጋር ነው። አንቺ ስትተኚ ስለሚመጣ እሱ አላየም። እኔም ሸሚዝ ጨረስሽ ብሎ እንዳይቆጣ ዝም አልኩ።»

ልጃቸው ቁራጩን ተቀብላ ቁልፍ ቀዳዳው ላይ ጣቷን አስገባች። አውጥታ እንደገና አስገባች። ሳታውቀው የቆየ ልማድ ነበር መሰል፤ እናቷ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ልጅቷ ተነሥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ወደተቀመጡት አባቷ መጣች።

«እንካ አባዬ» አለች። «ያዝልኝ።»

ጋሽ አራት ጣት ኮታቸውን አወለቁ። አለቃን ተቀበሉት፤ ራሱን በአራት ጣታቸው ደግፈው ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ትንሽ ጮኸ፣ አፍንጫውን ሸሚዛቸው ላይ አሸ፣ ተነፈሰ፣ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም ደረታቸው ላይ አቀረሸባቸው። ልጃቸው ሻሽ ይዛ ስትሮጥ «ተይው!» አሉ፤ «ተይው፣ እንዳትቀሰቅሺው።» እንባቸው ይወርዳል፤ መጥረጊያ ደግሞ እጃቸው ላይ የለም። ልጃቸው በዚያው ሻሽ የእሳቸውን ጉንጭ ጠረገችላቸው።

ሊሄዱ ሲሉ አለቃ ወደተኛበት ክፍል ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ልጃቸው በር ድረስ ሸኝታቸው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» ካለች በኋላ ልብ አለች።

«አባዬ፣ ሸሚዝህስ?»

«አልጋው ላይ ነው» አሉ። «የአለቃ ነው። እንዳታጥቢው።»