የተበጠሰው ጥሪ

ሁሃና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስትጠራ ኖራለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ኦክላንድ ውስጥ፣ ወደቡን ቁልቁል በሚያየው ጉብታ ላይ፣ የእኛ የአገሬው ነባር ሕዝብ አባቶች ፊት የተቀረጸበት ትልቅ የእንጨት ቤት አለን። ቱሪስቶቹ ጠዋት ረጅሙን ማማ ይወጣሉ፤ ቀጥለው ሻርኮቹን በመስታወት ያያሉ፤ ከምሳ በፊት ደግሞ እኛን ያያሉ። አውቶቡሱ ደጃፉ ላይ ሲያራግፋቸው ሁሃና ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ በረንዳው ላይ ትቆምና ድምጿን ትለቀዋለች። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ካሜራውን ዝቅ ያደርጋል፤ ቢያንስ ለአንድ አፍታ።

ጥሪው ለጌጥ አይደለም። እንግዳ ብቻውን አይመጣም፤ ሙታኑ ከኋላው ይከተሉታል፤ የምትጠራው ሴት ሁለቱንም ነው የምታስገባቸው። በቤታችን ሥርዓት ጥሪ መሃል ላይ ከተበጠሰ ሞት ይከተለዋል ይባላል። ከተበጠሰም መፍትሔ አለው፦ ጠሪዋ ለሽማግሌው ትናገራለች፣ ሽማግሌው ይጸልያል፣ ውሃ ይረጫል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልተናገረች ግን ሽማግሌው በጆሮው ሰምቶ እንኳ ምንም ማድረግ አይችልም። በራሷ አፍ መናገር አለባት። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ትንፋሿ የከዳት ሴት በረንዳው ላይ ዳግመኛ አትቆምም።

ሰኞ ዕለት፣ በጥቅምት ዝናብ፣ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ። ሁሃና «ኑ፣ ከማዶ የመጣችሁ እንግዶች፣ ኑ! ሙታናችሁን...» ስትል ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ጥርቅም አለ። ትንፋሽ የለም። «ይዛችሁ ግቡ» የሚለው ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። የሰው ሙታን ጠርታ ደጅ ላይ ገትራ ተወቻቸው። ከእንግዶቹ መሃል ሆና በእነሱ ፈንታ ጥሪውን የምትመልሰው የወንድሟ ልጅ አታሪያ ናት፤ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት፣ ምላሷ ስለት የሆነ። ክፍተቱን በራሷ ድምፅ ቶሎ ሸፈነችው። ቱሪስቶቹ አጨበጨቡ። እነሱ ምናቸው ሞኝ፣ ለከፈሉበት ያጨበጭባሉ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አታሪያ በሩን ዘጋችው።

«አክስቴ፣ ተበጠሰ እኮ!»

«ምኑ?»

«ምኑ ትለኛለች እንዴ! ጥሪው ነዋ። እኔ ላይ ደንቆሮ መምሰል ድሮ ቀረ።»

«ሳል ነው። ብርድ መቶኝ ነው።»

«እሺ፣ ብርዱንም ቢሆን ለአባባ ሆሄፓ ንገሪያቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«አንቺ ቦታዬን ለመውሰድ ቸኩለሽ ነው!»

ካፏ ከወጣ በኋላ አፈረች። አታሪያ ጫማዋን አጥልቃ በዝናቡ ወጣች። ሁሃና ብቻዋን ቁጭ ብላ ዝም አይነቅዝም ስትል ራሷን አጽናናች። እናቷም እዚያው በረንዳ ላይ ቆማ ነው ያረጀችው። ከዚያች ሁለት ክንድ ቦታ ሌላ ሁሃና የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም፤ ስለዚህ አልፈርድባትም፣ ግን አልከላከልላትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ሆሄፓ ከሁሉ ቀድመው መጥተው አገኘቻቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የቤቱ ጸሎት በእሳቸው እጅ ነው። ሌላ ጊዜ አውቶቡሱ ሊደርስ ሲል ነበር እያዘገሙ የሚመጡት። አሁን ሰማያዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ዝናቡ በጎን የሚገርፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ሁሃና፣ ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምን አዲስ ነገር ይኖራል ጋሼ፣ ያው ዝናቡ ነው።»

«እሱንማ ጉልበቴ ከአየር ትንበያው ቀድሞ ነግሮኛል።»

ተሳሳቁ። ሽማግሌው የካፖርታቸውን ኪስ ዳበስ አደረጉና ወደ መርከቦቹ አዩ። «እዚሁ ነኝ» አሏት። የት ሊሄዱ ነው ብላ ገረማትና ረሳችው። የዚያን ዕለት ጥሪዋን አሳጥራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨረሰች። አልተበጠሰም። ልቧ ትንሽ መለስ አለ።

ረቡዕ ወፏ ገባች። ጅራቷን እንደ ማራገቢያ የምትዘረጋ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ወፍ ናት፤ ደጅ ስትጨፍር እንወዳታለን፤ ቤት ከገባች ግን ሬሳ ልታስቆጥር ነው የመጣችው። ሽማግሌው እንግዶቹን ለመቀበል ንግግር እያደረጉ ሳለ በክፍቱ በር ገብታ በምሰሶዎቹ መሃል ዞረች። ስልኮች ሁሉ ተነሡ። የጉብኝቱ ኃላፊ ግሌኒስ «ውይ ስታምር! በየቀኑ በመጣችልን!» ብላ እጇን አማታች። የእኛዎቹ ሁሉ ደርቀው ቀሩ። ሆሄፓ ንግግራቸውን አቋረጡ። ወፏን አላዩዋትም፤ ያዩት ሁሃናን ነበር።

ሁሃና ወደ ደጅ ወጥታ ለልጇ ደወለች። ሬዊ ቱሪስቶችን ወደ ደሴቶቹ በሚያመላልሰው ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው።

«እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አንዲት ሴትዮ ኮፍያዬን ባሕሩ ወሰደብኝ፣ ጀልባውን አዙሩልኝ እያለች ነፍሳችንን አውጥታዋለች።»

«ማዕበል አለ?»

«ምንም የለም። ምን ሆነሻል?»

«የመንሳፈፊያ ጃኬትህን ልበስ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ!»

«ልበስ አልኩህ!»

ልጇ ሳቀ። እሷ ግን ስልኩን ከዘጋችው በኋላም ከጆሮዋ አላነሣችውም። ፍርሃቷ ሁሉ ወደ ባሕሩ ዞሮ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣባት ያወቀች መስሏታል።

ሐሙስ ደቡቡ ነፋስ አጥንት ይሰብር ነበር። ሽማግሌው ያው ወንበር ላይ ናቸው፤ ከንፈራቸው ገርጥቷል፤ ሳላቸው ከሆድ ነው የሚመጣው።

«ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ምን ያስቀምጥዎታል? ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ።»

«ውስጥ ሰው ይበዛል። እዚህ ሁለት ሰው በደንብ ይጫወትበታል።» ጎናቸውን መታ መታ አደረጉ። «ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?»

ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ጋሼ፣ ሰኞ ተበጥሶብኛል ማለት ብቻ ነበር። ቀና ስትል በረንዳውን አየችው፤ የእሷና የእናቷ እግር ያለሰለሰውን ጣውላ። ከታች የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ።

«ምንም» አለቻቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ። ነገም አለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ነበር። ሁሃና ዣንጥላዋን ሳታጥፍ ቆማ አየችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አታሪያ መጣች፤ ከሰኞ ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«አክስቴ፣ ተቀመጪ።»

«ሬዊ ነው? ንገሪኝ፣ ሬዊ ነው?»

«ሬዊ ደህና ነው። አባባ ሆሄፓ ናቸው። ሳንባቸው ነው... ሊነጋጋ ሲል አረፉ።»

ሁሃና እፎይ አለች። ልጄ ተረፈ ብላ እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን ጠላች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን በፈሩት በር ይደርሳል ያለ የለም። ጥሪዋን ሊፈቱላት የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ። የሄዱት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ሬሳቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ትውልድ መንደራቸው ሲሸኝ፣ ላገለገሉት ቤት መሰናበቻ አንድ ሰዓት ተሰጠ። ለቱሪስት ዝግ ነው ተብሎ ተለጥፏል፤ ማስታወቂያ ማን ያነባል፣ አንድ አውቶቡስ መጥቶ አጥሩ ሥር ተገትሯል። ሴቶቻችን የሐዘን ቅጠል በራሳቸው ላይ አስረዋል። ሳጥኑ ደጃፉ ላይ ደረሰ፤ ባለቤታቸው ንጋሬታ አጠገቡ ቆመዋል። ሁሉም ወደ ሁሃና አየ። ከእሷ ሌላ ማን ይጠራቸዋል?

«ና፣ አባታችን፣ ና! ሙታንህን...»

እዚያው ላይ። ያው ቦታ ላይ ትንፋሿ አለቀ።

«...ይዘህ ግባ!» አለ ሌላ ድምፅ። አታሪያ በዚያ ቀን ከእንግዶቹ ጋር ሳይሆን ከጎኗ ነበር የቆመችው። የአክስቷን ክንድ ጨብጣ፣ የጥሪው ክር ሳይላላ ተቀብላ፣ ሽማግሌውን እስከ ምሰሶው ድረስ በድምጿ አስገባቻቸው። ሁሃና ያን ድምፅ ስትሰማ ቦታው የማን እንደሆነ ገባት፤ አልቀናችም፤ አምስት ቀን ዘገየሁ ብቻ ነው ያለችው በልቧ።

እኛ ሬሳ እስኪቀበር ድረስ ፊት ለፊት እናናግረዋለን። ሁሃና ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

«ጋሼ ሆሄፓ፣ ሰኞ ዕለት ጥሪው ተበጥሶብኝ ነበር። ደበቅሁዎት። በየማለዳው ምን አዲስ ነገር አለ ሲሉኝ ምንም አልሁዎት። ይኸው አሁን ነገርሁዎት።»

ንጋሬታ ከተቀመጡበት ሆነው በተረጋጋ ድምፅ ተናገሩ።

«ሰምተው ነበር እኮ፣ ሁሃና። ሰኞውኑ ሰምተው ነበር። ሐኪሙ ከቤት እንዳይወጡ ብሏቸዋል፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ለምኛቸዋለሁ። ‹ሁሃና የምትነግረኝ ነገር አላት፤ መጥታ ወንበሩ ላይ ካጣችኝ ለማን ትነግራለች?› እያሉ በዝናቡ ወጡ። ሦስት ጠዋት።»

ጭናቸው ላይ ያጠፉትን ሰማያዊ ካፖርት ፈትተው ከኪሱ አንዲት ትንሽ የጸሎት ውሃ ጠርሙስ አወጡና ሁሃና እጅ ላይ አኖሯት። ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት በወደደች። አጥሩ ሥር አንድ ቱሪስት ትርኢቱ ስንት ሰዓት ይጀምራል እያለ አስጎብኚውን ይጠይቃል።

ሁሃና ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ ተመለከተቻት። ክዳኑ አልተነካም፤ ውሃው እስከ አንገቱ ድረስ ሙሉ ነው።