ገበያ የለመደችው ሳይክል

ጠዋት መስኮቴ ስር የሳይክል ደወል ሲያቃጭል፣ ልቤ ብድግ ብሎ ወዳደግሁባት ደምበጫ ሄደ።

አባቴ ፈረስ እንጂ ሳይክል አያውቅም ነበር። ወንዶቹ ልጆች ሲነዱ እያየሁ ስነዘንዘው ከርሜ፣ አንድ ቀን ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ አንዲት ሰማያዊ ሳይክል ይዞልኝ መጣ። አዲስ ጎማና ዘይት ትሸታለች። ወዲያው ልነዳት ስል ከለከለኝ።

«አዲስ ፈረስ መጀመሪያ ገበያ ይዞራል። ጫጫታ ካልለመደ ይደነብራል» አለ።

«አባዬ፣ ሳይክል እኮ አይደነብርም!» ብል ማን ሰምቶኝ! የፈረሱን ቀይ የክር ጌጥ መሪዋ ላይ አስሮ፣ እኔን ከላይ አስቀምጦ፣ በቅዳሜ ገበያ መሀል እየሳበ ያዞረኝ ጀመር። ልጆች እየሳቁ ተከተሉን። እኔ በሀፍረት አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ግን ሰርግ የሚያጅብ ይመስል ነበር።

በርበሬ የምትሸጥ ሴትዮ «ምነው አያ ይርጋ! ሴት ልጅ በሳይክል?» አለችው።

«ገና እያላመድኳት ነው» አላት፣ ፈገግ ብሎ።

በየቅዳሜው ዞርን። አንድ ቀን ያችው ሴትዮ ገና ከሩቅ ስታየን ጆንያዋን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «ነይ፣ በዚህ በኩል እለፊ የኔ ልጅ!» አለችኝ። አባቴ ሳይክሏን ሳይሆን ሴትዮዋን እያየ «በቃ፣ ተላምዳለች። ንጂ!» አለና እጁን ለቀቀ። ኦ፣ ያ ነፋስ!

ያላመደው ማንን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ዛሬ በመስኮቴ ብቅ ብዬ አየሁ። ደወሏን እያቃጨለች የምትነዳው ሴት ልጅ ናት። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ አንድም ዞሮ ያያት የለም።