አማቴ የሠሩልኝ የጠመንጃ ማንገቻ

በደርግ ጊዜ፣ ገና አዲስ ባለትዳር ሳለሁ፣ የቀበሌያችን ወንዶች እሑድ እሑድ ለሚሊሺያ ሥልጠና እንወጣ ነበር። እንደኔ ላለው የቢሮ ጸሐፊ ከባዱ ነገር ተኩሱ አልነበረም፤ ጥይት እምብዛም አይሰጠንም። ከባዱ ጉዞው ነበር። ማለዳ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ካለው ቀበሌ ጠመንጃችንን እንቀበላለን። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ ስንቅና ለክብደት ተብሎ አሸዋ የተሞላ ከረጢት በጀርባ ሻንጣችን እንሸከማለን። ከዚያ በቦሌ አድርገን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን ዞረን፣ ቡልቡላ የገበሬ ማሳ ድረስ በእግራችን ሄደን እንመለሳለን።

ለእኔ የደረሰኝ አሮጌ ምንሽር ነበር፤ አቁሜ ስይዘው እስከ ደረቴ ይደርሳል። ጓደኞቼ ሲደክማቸው በእጃቸው ይዘውት ይሄዳሉ። የእኔ ቀኝ እጅ ግን በልጅነቴ አንጓው ላይ ተሰብሮ የተጠገነ ስለሆነ ብዙ መሸከም አይችልም። በትከሻዬ ሳነግተው ማንገቻው በሻንጣው ጥብጣብ ላይ እየተንሸራተተ ክንዴ ላይ ይወርዳል። በደረቴ ሳንጠለጥለው ሰደፉ ጭኔን ይደበድበኛል። ከሻንጣው በላይ ሳዝለው ደግሞ አፈሙዙ ማጅራቴን ይመታኛል፤ በዚያ ላይ አሠልጣኙ «ያዝ!» ባለ ቁጥር ሻንጣዬን በሙሉ ማውለቅ ይኖርብኛል። እኔ ሳወልቅ ሌላው ሰው ተንበርክኮ አነጣጥሮ ይጨርሳል። አሠልጣኙ «አንተን የሚጠብቅ ጠላት የለም!» እያለ ይጮህብኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ትከሻዬን በሞቀ የጨው ውሃ ታሸኛለች።

የሚስቴ አባት ላምበረት አካባቢ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከእኛ ጋር አይነጋገሩም። ልጃቸው ከእኔ ጋር ጴንጤ ሆና ስታገባ ሠርጋችን ላይ አልተገኙም፤ ቤታችንንም ረግጠው አያውቁም። እኔን መንገድ ላይ ካዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ሚስቴ በዓል በመጣ ቁጥር በራቸውን ታንኳኳለች። «ደህና ነሽ?» ይሏታል፤ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ከደጅ ትመለሳለች።

አንድ እሑድ ከጉዞ ስመለስ ጠመንጃውን እንደ ማገዶ ታቅፌ፣ ጎንበስ ብዬ እያነከስኩ ነበር። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። እንደ ወትሮው ይሻገራሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልተሻገሩም። ፊት ለፊቴ መጥተው ቆሙ።

«ጠመንጃ እንዲህ ይያዛል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ትከሻዬ እምቢ አለኝ» አልኳቸው።

ዞረው ሻንጣዬን ከኋላ አዩት። ጥብጣቡን ሳብ አደረጉና ለቀቁት። «ጥፋቱ የትከሻህ አይደለም። ሻንጣው ነው ጠመንጃውን የሚገፋው። ነገ ከሥራ ስትወጣ ቤት ጠብቀኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ለሚስቴ ስነግራት አላመነችኝም። ሰኞ ግን የተላጠ የባሕር ዛፍ እንጨት በትከሻቸው፣ ወስፌና አሮጌ የቆዳ ቀበቶ በእጃቸው ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ። ሚስቴ የድስት ክዳን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ጠንካራ ክር አለሽ?» አሏት።

«አለኝ፣ አባዬ። ይግቡ።»

ገቡ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ጠመንጃው ቀበሌ ስለሚያድር እንጨቱን በምንሽር ልክ ቆርጠው ነው ያመጡት። ከየት ለክተው እንዳመጡ ስጠይቃቸው «ስንት ዘመን ተሸክሜው!» አሉኝ። ቀበቶውን ቆርጠው ሰደፉ የሚቀመጥበት ኪስ ሠሩና ከሻንጣው ታች በቀኝ በኩል ሰፉት። ሚስቴ በትከሻው ጥብጣብ ላይ ከሸራ ማቀፊያ ሰፋች፤ ጠመንጃውን አቅፎ በአንድ ቁልፍ ይዘጋል። ከጥብጣቡ ሥር ያረጀ ብርድ ልብስ አጥፋ ደረበችበት። ከዚያ ሸክሙ ወገቤ ላይ እንዲያርፍ ሰፊ መታጠቂያ ጨመሩበት። አባትና ልጅ አንድ ሻንጣ ላይ ጎንበስ ብለው «ያዢልኝ»፣ «እዚህ ጋ ይውጉት» ሲባባሉ እኔ ፋኖሱን ከመያዝ በቀር ሥራ አልነበረኝም።

እንጨቱን አስገብተው በግቢው ውስጥ አስኬዱኝ። እጆቼ ነፃ ናቸው፣ አንገቴም አልተነካም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ልገባ ስል እንጨቱ ከበሩ ጉበን ጋር ተላተመና ወደ ኋላ ገፍትሮኝ በቂጤ ተቀመጥኩ። አማቴ ሳቁ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሚስቴም መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ወዲያው ግን ወደ ጓዳ ገባችና ቶሎ አልወጣችም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እሳቸው አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኪሱን በጠፍር አስረዝመው እስከ ጭኔ አወረዱት፤ ያን ጊዜ የእንጨቱ ጫፍ ከራሴ በላይ መሆኑ ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ እውነተኛው ጠመንጃ ከእንጨቱ ወፈር ስለሚል ኪሱ ጠበበው፤ ገፋ ገፋ አድርጌ አስገባሁት። ቡልቡላ ደርሰን ጥቁሩ ጭቃ ጫማችንን ሲይዝ ሁለቱን እጆቼን እያወዛወዝኩ እሄድ ነበር። አሠልጣኙ በድንገት «ያዝ!» አለ። ቁልፉን ፈትቼ ሳብ ሳደርገው ጠመንጃው ወጣ፤ ከሰው እኩል ተንበረከክሁ።

መጥቶ ዞረኝ። «ይኼ ከደንብ ውጭ ነው። ማን ሠራው?»

የጃንሆይን ወታደር ስም ማንሳት በዚያ ጊዜ ጥሩ አልነበረም። «ባለቤቴ ሰፋችው» አልኩት። እሱም ውሸት አልነበረም።

ኪሱን ነካ ነካ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእኔስ ትሰፋልኛለች?» አለኝ።

ሰፋችለት። ከዚያም ለሌሎች ጓዶች ሰፋች፤ አማቴም ቆዳውን እየቆረጡ ይረዷት ጀመር። ሥራው ሲያልቅ ቤቱን ለምደውት ነበር። ሥልጠናው ቆሞ ጠመንጃዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ይላሉ፤ ምሳ አብረውን ይበላሉ። ስለ ሃይማኖታችን አንድ ቀንም አንስተው አያውቁም። እኛም አናነሳም።

ያኔ የጸሎት ቤቶቻችን ተዘግተው ነበር፤ በየሰዉ ቤት እየተሰባሰብን በሹክሹክታ እንጸልያለን። አንድ እሑድ ተራው የእኛ ሆኖ ከአምስት ስድስት ሰዎች ጋር ሳለን አማቴ መጡ። በሩን ገርበብ አድርገው አዩን። ተቆጥተው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን በሩን መልሰው ዘጉት፤ ደጅ ላይ መቀመጫ ዱካ ሲጎትቱ ሰማሁ።

ጥቂት ቆይቶ ከቀበሌ የመጣ ሰው ድምፅ ከደጅ ተሰማ። «አባባ፣ ልጆቹ የሉም?»

«አሉ። ልጄ አሟት ተኝታለች፣ ሰው ሊጠይቃት መጥቷል። ምን ፈለግህ?»

«ለስብሰባ ነው።»

«እነግራቸዋለሁ። ሂድ፣ ልጄ።»

የሰውዬው እርምጃ ራቀ። እኛ ጸሎታችንን ጨረስን። ስንወጣ አማቴ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ጨረሳችሁ?» አሉ። «እንግዲያው ምሳ አቅርቡ።»